ባንኮክ ላይ ሦስት ጠዋት፦ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናት ጋር፣ በነቢያት ጾም

የፒያሳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ እናቴን ለምርመራ ይዤ ባንኮክ እሄዳለሁ። ማረፊያችን ናና የሚባለው ሰፈር ነው። ውጤት እስኪደርስ ሦስት ነጻ ቀን ይኖረናል። ከሰዓት በኋላ ማረፍ ስላለባቸው የምንወጣው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው።

እናቴ 67 ዓመታቸው ነው። ሜዳ ላይ ቀስ እያሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ይራመዳሉ። ደረጃ ግን ይከብዳቸዋል፤ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ። የነቢያት ጾም ላይ ስለምንሆን ሥጋና ወተት ቀርቶ ዓሣም አይቀምሱም። ማየት የሚፈልጉት ቤተ መንግሥቱን እና የወርቁን ቡድሃ ነው፤ ሌላውን እኔ እንድመርጥ ትተውልኛል። ያገኘኋቸው የጉብኝት ዝርዝሮች በአንድ ቀን አሥር ቦታ የሚያስሮጡ ናቸው፤ ለእኛ አይሆኑም።

የትኛውን በየትኛው ጠዋት ላድርግ? ከናና በምን እንሂድ? ልብሳቸውስ ምን ይሁን? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ካዛንቺስ ማዶ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። በመጀመሪያ አንድ ነገር፦ ባንኮክ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ያላለ ረግረግ ሜዳ ላይ የተሠራ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ ለሚወርድ ሰው የሚከብደው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱ ነው፤ ላብ አይደርቅም፣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ኅዳር መጨረሻ ዝናቡ ያበቃበትና አየሩ የተሻለበት ወቅት ነው። ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ 31 እና 32 ዲግሪ የተለመደ ነው። ስለዚህ በአንድ ጠዋት አንድ አካባቢ ብቻ ያዙ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን በፈረንጆቹ ነው።

የመጀመሪያው ጠዋት፣ ቤተ መንግሥቱ። ከ2:30 እስከ 9:30 ክፍት ነው፤ ለውጭ ዜጋ 500 ባት ይከፈላል። 2:30 ላይ በሩ ላይ ተገኙ። ከ4:00 በኋላ በአውቶቡስ የሚመጡ ቡድኖች ግቢውን ስለሚሞሉት ጥላ ሥር መቆሚያ እንኳ ይጠፋል።

ቤተ መንግሥቱ የተጀመረው በ1782 ነው፤ ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ዋና ከተማውን ከወንዙ ማዶ ከቶንቡሪ ወደዚህ ባዛወረበት ዓመት። በዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው ዋት ፕራ ኬው የአገሪቱ ሁሉ የበላይ ቤተ መቅደስ ነው፤ «ዋት» የሚሉት ቤተ መቅደስን ነው። ገብቶ የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ «አላየሁትም» የሚለው እዚህ ነው። ዝናው የገነነው አረንጓዴው ቡድሃ 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የተቀመጠውም ከፍ ባለ የወርቅ ዙፋን ላይ ነው። እናትሽ እንደገቡ ዓይናቸውን ወደ ላይ ያንሱ፤ መሃል ላይ ያለው ትንሹ አረንጓዴ እሱ ነው። የተቀረጸው ጄድ ከሚሉት ከአንድ ወጥ አረንጓዴ ድንጋይ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሙቀት፣ በዝናብና በብርድ ወራት መግቢያ፣ ንጉሡ ወይም ወኪሉ በሥርዓት ልብሱን ይለውጥለታል። እናንተ በምትሄዱበት ወቅት የሚታየው የብርዱ ወራት ልብስ ነው፤ ከአንገት እስከ እግር የሚሸፍን ከወርቅ የተሠራ መረብ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ከዚያ ወደ ዙሪያው ጣሪያ ያለው ሰቀላ ውሰጃቸው። ግድግዳው ላይ በ178 ክፍል ተከፋፍሎ የተሳለው የራማ ታሪክ አለ፤ ይህ ራማ ከንጉሡ ሌላ፣ የጥንት ተረት ጀግና ነው፤ የጦጣው ጦር፣ አሥር ራስ ያለው ንጉሥ፣ የተጠለፈችው ንግሥት። በሰዓት አቅጣጫ እየዞራችሁ ነው የምታዩት። ጥላ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለውም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያነበቡ ያደጉ ሰው ብዙ የሚያዩበት ቦታ ይኸው ሰቀላ ነው፤ ሕዝቡ ግን ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል።

ድካም ሲጀምራቸው በዚያው ግቢ ያለው የንግሥት ሲሪኪት የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም አለ፤ በያዛችሁት ቲኬት ይገባል፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። የጥልፍና የሐር ሥራ ለምትወድ እናት ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። እስከ 5:30 ጨርሳችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ጠዋት፣ ዋት ፖ። የተጋደመው ቡድሃ ያለበት ነው። ከ2:00 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ባቡሩ ቅርብ ስለሚያደርሳችሁ መኪና አያስፈልግም። ከናና ቢቲኤስ በሚባለው የሰማይ ባቡር አንድ ጣቢያ ተጉዛችሁ አሶክ ትወርዳላችሁ። እዚያው ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ኤምአርቲ ወደሚሉት፣ ትቀይራላችሁ፤ ጣቢያው ሱኩምቪት ይባላል። ከዚያ ዘጠነኛው ጣቢያ ሳናም ቻይ ነው። ሁለቱ ባቡሮች ለየብቻ ስለሆኑ ቲኬቱም ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። የመጀመሪያውን ካርድ ሁለተኛው መግቢያ ላይ የሚነካ ሰው በሩ አልከፈት ብሎት ሰልፍ ያስቆማል። የኤምአርቲው ክብ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ሲገቡ ይነካል፣ ሲወጡ ቀዳዳው ውስጥ ይጣላል። እስኪወጡ ድረስ እንዳይጠፋ።

ሊፍት በየጣቢያው ቢኖርም በሁሉም መውጫ ላይ የለም። ስለዚህ ከባቡሩ እንደወረዳችሁ ሰው የሚተምበትን ደረጃ ከመከተል የተሽከርካሪ ወንበር ምልክቱን ተከተይ። ሳናም ቻይ ጣቢያው ራሱ እንደ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ስለተሠራ ቆም ብሎ የሚታይ ነው። ከመውጫ 1 እስከ ዋት ፖ ጥቂት መቶ ሜትር ነው።

የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ቁመት አለው፤ የተሠራው በ1832 በሣልሳዊ ራማ ዘመን ነው። አዳራሹ ልክ ለእሱ ተብሎ የተሰፋ ያህል ስለሆነ ምሰሶዎቹ ይጋርዱታል። ሙሉውን አካል የምታዩት ከእግሩ በኩል ካለው ጥግ ስትቆሙ ነው። የእግሩን ውስጥ ሳታዩ አትውጡ። ጥቁር መደብ ላይ በሉል ቅርፊት የተከፋፈሉ 108 ትናንሽ ሥዕሎች አሉ፤ ዝሆን፣ አበባ፣ ነብር፣ ዕቃ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሳጥን። በጀርባው በኩል ደግሞ 108 የነሐስ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። ሰው በየሳህኑ ሳንቲም እየጣለ ስለሚያልፍ አዳራሹ ሙሉ የሳንቲም ድምፅ ነው።

ግቢው ውስጥ ብዙ ወንበርና ጥላ አለ። በድንጋይ ላይ የተጻፉት የሕክምናና የማሳጅ ሰሌዳዎች ከ1,400 በላይ ከሆኑት የዋት ፖ ጽሑፎች ውስጥ ናቸው፤ ዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ብሎ ይዟቸዋል። ማሳጅ ቤቱ እዚያው ነው። እናትሽ ቢፈልጉ የእግር ብቻ ይሁን፤ ከመጀመሩ በፊት ጉልበቱን በእጅ አመልክታችሁ አይነካ በሉ። የታይ ማሳጅ መገጣጠሚያ ያጥፋል፣ ይስባል፤ ያበጠ ጉልበት ላይ ሐኪም ሳይፈቅድ አይደረግም።

ሦስተኛው ጠዋት የወርቁ ቡድሃ። እሱን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ እዚህ አለ፤ ይጻፍልሽ።

ዶሮ ማነቂያ

ከላይ ያለው መልካም ነው። ስለ ቤተ መንግሥቱ መንገድ ግን ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው። ካርታ ላይ ሳናም ቻይ ጣቢያና ቤተ መንግሥቱ ጎን ለጎን ናቸው። የጎብኚ በሩ ግን በሰሜን በኩል፣ ና ፕራ ላን መንገድ ላይ ነው። ከጣቢያው ነጩን አጥር ተከትሎ መዞር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአራት ኪሎ ፒያሳ እንደመሄድ ነው፣ ግን ፀሐይ ላይ። እናትሽ ቤተ መንግሥቱን ሳያዩ ጉልበታቸው ያልቃል።

በዚያ ቀን ከሆቴሉ በር በመኪና ሂዱ። ግራብ የሚባለው መተግበሪያ እንደ እኛው ራይድ ነው፤ ዋጋውን ሳትሳፈሪ ታያለሽ። መንገዱ ከተጨናነቀ ረጅም ስለሚወስድ 1:15 ላይ ተነሱ። መድረሻውን «ቤተ መንግሥት» ብቻ ብለሽ አትጻፊ፤ የበሩን ስም፣ ዊሴት ቻይሲ፣ ምረጪ። የመንገድ ታክሲ ከያዝሽ ሜትር እንዲያበራ ጠይቂ፤ ሜትሩ ከ35 ባት ይጀምራል። አልበራም ካለ ውረጂና ሌላ ያዢ። ከቤተ መንግሥቱ ስትወጡ በሩ ላይ ቆመው የሚጠብቁት ታክሲዎች ሜትር አያበሩም፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ሌላ መኪና ጥሩ።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። አጥሩ አጠገብ ሸሚዙን በሥርዓት የለበሰ፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ይቀርብሽና «ዛሬ እስከ ሰባት ሰዓት ዝግ ነው፣ ጸሎት አለ» ይልሻል። ካርታ አውጥቶ በ20 ባት ባጃጅ ሌላ ቡድሃ ሊያሳይሽ ይነሳል። በሬ ወለደ ነው። ባጃጁ የሚወስድሽ ወደ ከበረ ድንጋይ መሸጫና ወደ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሾፌሩ ከዚያ ኮሚሽን ይከፈለዋል። «የመንግሥት ቅናሽ፣ ዛሬ ብቻ» የሚሉት ድንጋይ ከዋጋው ብዙ እጥፍ ተጨምሮበት የሚሸጥ ነው። ክፍት መሆን አለመሆኑን የሚነግርሽ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ብቻ ነው። መልስ ሳትሰጪ፣ ሳትቆሚ እለፊ።

አንድ ቀን ደግሞ ልብ በዪ፦ ኅዳር 26 የታይ ብሔራዊ በዓል ነው፤ የሟቹ የንጉሥ ቡሚቦል ልደት። ታኅሣሥ 1 ደግሞ የሕገ መንግሥት ቀን ነው። የንጉሣዊ ሥነ ሥርዓት ባለበት ቀን የግቢው ክፍሎች ሊዘጉ ይችላሉ። ቤተ መንግሥቱን ከእነዚህ ቀኖች ውጭ አድርጊው።

የአራት ኪሎ ልጅ

ስለ ልብሱ። እናትሽ እጅጌ ያለው የሀበሻ ቀሚስ ከለበሱ ከማንም በላይ በሥርዓት የለበሱ እሳቸው ናቸው። ደንቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን ነው። ቤተ መንግሥቱ ላይ ደግሞ ጥብቅ ይላል፤ እጅጌ የሌለው ልብስ ላይ ነጠላ ወይም ሻርፕ ጣል ማድረግ አይበቃም፣ ራሱ ልብሱ እጅጌ ይኑረው። ይህ ለአንቺም ነው። ከእግር ጋር የሚጣበቅ ታይት፣ የተቀዳደደ ጂንስ፣ አጭር ሱሪ ይመለሳል። ነጠላው ለፀሐይና ለባቡሩ ብርድ ይሁን፤ ውስጡ በእውነት ይበርዳል።

ጫማ በየአዳራሹ ደጃፍ ይወልቃል። ለእኛ አዲስ ነገር ባይሆንም ለጉልበታቸው ሲባል ጎንበስ ሳይሉ የሚወልቅ ጫማ ይሁን። ወፍራም ካልሲም ያዢላቸው፤ ከረፋዱ በኋላ ድንጋዩ እግር ያቃጥላል። ደጃፉ ላይ ከፍ ያለ ደፍ አለ፤ ተራምደው ይለፉት እንጂ አይርገጡት። ጉልበት ለሚያማቸው ሰው አደጋው ይሄ ነው፤ ክንዳቸውን ደግፊያቸው።

ምግቡን በተመለከተ በደንብ አንብቢ። ታይ ውስጥ «አትክልት ብቻ» የሚባል ምግብ ብዙ ጊዜ ጾም አይደለም። ጨው የሚተካው የዓሣ መረቅ ነው፤ ናም ፕላ ይሉታል፣ ጥብስ ውስጥም ሾርባ ውስጥም አለ። የፓፓያ ሰላጣው ደረቅ ሽሪምፕ ይገባበታል። የቀይና አረንጓዴ ወጦቻቸው ቅመም ራሱ ከሽሪምፕ ጋር የተወቀጠ ነው። የተጠበሰ ጎመን ላይ የኦይስተር መረቅ ይፈሳል። ሥጋ አይታይም፣ ግን ጾም ተገድፏል።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው፦ «ጄ»። ከቻይና ቡድሂስቶች የመጣ የጾም ሥርዓት ሲሆን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅም የለበትም። እንዲያውም ከእኛ ጾም አልፎ ነጭ ሽንኩርትም ይከለክላል። «ጄ» የሚሠራ ቤት ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ይሰቅላል። የታሸገ ምግብ ላይም ያው ምልክት አለ፤ ሱቅ ውስጥ የአኩሪ አተር ወተት ስትገዢ ፈልጊው። «ማንግሳዊራት» የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል፣ እንዳትሳሳቺ።

አሶክ ጣቢያ ላይ ተርሚናል 21 የሚባል የገበያ ማዕከል አለ። ላይኛው ፎቅ ያለው የምግብ አዳራሽ ከሆቴል በጣም ይረክሳል። እያንዳንዱን መሸጫ «ጄ?» ብለሽ ጠይቂ። ናና ውስጥ ደግሞ ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ የአረብ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። ፉል፣ ሁመስ የሚሉት የሽምብራ ማባያ፣ ፈላፈል፣ ዳቦ ማለት ለእናትሽ ሆድ የሚስማማ ጾም ነው። ፉሉ በዘይት እንዲሆን ንገሪያቸው። የሕንድ ቤቶች ምስር ክክ አላቸው፤ ያለ ቅቤ በይ።

እናትሽ እስከ 9:00 ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። በዚያ ላብ ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ መድኃኒትም ከተጨመረበት፣ ያዞራል፣ ይጥላል። ሐኪሙም የሚወስዱትን መድኃኒት አይቶ ይወስን።

የፒያሳዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅሁም። ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጀልባው ለእናቴ ይሆናል ወይ? ወንዙን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል። ሁለተኛ፣ እናቴ «እዚያ ገብቼ ስገጂ እባላለሁ ወይ?» ብለው ይጨነቃሉ። ሦስተኛ፣ ብሩን እዚህ ወደ ባት ልቀይር ወይስ ዶላር ልያዝ?

ካዛንቺስ ማዶ

ስገጂ የሚላቸው የለም። ዕጣንና አበባ የሚያቀርበው የሚያምን ሰው ነው፤ ጎብኚ ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቆሞ ማየት ይበቃዋል። መቀመጥ ከፈለጉ እግራቸውን ወደ ምስሉ እንዳይዘረጉ፤ እግር ማሳየት እዚያ ነውር ነው። ጉልበታቸው አልታጠፍ ካለ ወደ ኋላ ግድግዳው ጋ ቆመው ይዩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እናቶቻችን ካህን ሲያዩ ጠጋ ብለው ለመሳለም ልማድ አላቸው። ታይ ውስጥ ሴት መነኩሴ አትነካም፣ ዕቃም ከእጅ ወደ እጅ አትሰጠውም፤ ለመነኩሴው ትልቅ ችግር ነው። ባቡር ውስጥም ከመነኩሴ አጠገብ አይቀመጡ። ጠዋት 2:00 እና ማታ 12:00 ላይ በጣቢያና በመናፈሻ የሕዝብ መዝሙር ሲሰማ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ እናንተም ቁሙ። ባት ላይ የንጉሡ ምስል ስላለ የወደቀ ገንዘብ በእግር አይያዝም።

ጀልባ፦ ናና አጠገብ ባለው ቦይ፣ ሳን ሳብ በሚሉት፣ የሚመላለሰውን እርሺው። ጀልባው በደንብ ሳይቆም ገመድ ይዘው ጠርዙን ተሻግረው ነው የሚገቡት፤ ለጤነኛም ያሰጋል። በትልቁ ወንዝ በቻኦ ፕራያ ላይ ያሉት ይሻላሉ። ባለ ብርቱካን ባንዲራው 16 ባት ነው፣ ርቀቱ ምንም ይሁን። ግን ብዙ ሰው ይጭናል፣ በየማቆሚያው የሚቆየው ጥቂት ሰኮንድ ነው፣ ቆመው ሊሄዱም ይችላሉ። ባለ ሰማያዊ ባንዲራው የቱሪስት ጀልባ ዋጋው ከፍ ይላል፤ በምትኩ ሰፊ ነው፣ መቀመጫ አለው፣ አወጣጡም የረጋ ነው። ለእናትሽ እሱ ነው። ከናና በቢቲኤስ ሲያም ላይ መስመር ቀይራችሁ ሳፓን ታክሲን ውረዱ፤ ሳቶን ማቆሚያው ከጣቢያው ሥር ነው።

ከዋት ፖ በኋላ ጉልበት ከቀራቸው ደግሞ አጠገቡ ታ ቲየን ከሚባለው የጀልባ ማቆሚያ በ5 ባት የሚያሻግር ጀልባ አለ። ማዶው ዋት አሩን ነው፤ ግድግዳው በሙሉ በተሰባበረ የሸክላ ሳህንና ዛጎል የተለበጠ። ቀረብ ብለው ሲያዩት አበባው ሁሉ የሲኒና የሳህን ስባሪ ነው። መግቢያው 200 ባት። ማማው ላይ የሚያወጣው ደረጃ ግን ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል። እናትሽ ከታች ሆነው ይዩ፤ ውበቱ ያለውም ከታች ነው።

ገንዘቡን በዶላር ያዢ። እዚያ መቀየሪያ ቤቶቹ ለባለ 100 እና ባለ 50 ኖት ከባለ 20 የተሻለ ይሰጣሉ። የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም አሮጌ እትም አይቀበሉም፤ ከባንክ ስትቀበዪ አንድ በአንድ ተመልከቺው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣ መቀበያ አጠገብ ያሉት ዋጋቸው መጥፎ ነው። ምድር ቤት፣ ባቡሩ መግቢያ ጋ ያሉት ይሻላሉ።

የአምባሳደር ሰፈር

የወርቁ ቡድሃ ተራ የእኔ ይሁን። ቤተ መቅደሱ ዋት ትራይሚት ይባላል፤ ቻይና ሰፈር መግቢያ ላይ ነው። በኤምአርቲ ከሱኩምቪት ስድስተኛው ጣቢያ ሁዋ ላምፖንግ ላይ ወርዳችሁ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር። ጠዋት 2:30 አካባቢ ብትደርሱ ጸጥ ያለ ነው።

ምስሉ ሦስት ሜትር ገደማ ቁመት አለው፣ ክብደቱ 5.5 ቶን፣ ወርቅ ነው። አስደናቂው ግን ወርቅ መሆኑ ለብዙ ዘመን አለመታወቁ ነው። በሱኮታይ ዘመን የተሠራ ሲሆን በኋላ ከጠላት ለመደበቅ በሙሉ በኖራ ተለብጦ የኖራ ምስል መሰለ። በ1955 ወደ አዲስ አዳራሽ ሲያዛውሩት ማንሻው ገመድ አልቻለውም፤ ወደቀ፣ ልባጡ ተሰነጠቀ፣ ከስንጥቁ ወርቁ አበራ። የኖራው ስባሪ እዚያው ተቀምጧል፤ ምስሉን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ ስባሪውንም ፈልጉት። ምስሉ ዘጠኝ ቦታ ተገጣጥሞ የሚፈታ ነው፤ እንዲያ ባይሆን ያን ክብደት ማንቀሳቀስ አይቻልም ነበር።

ችግሩ ደረጃው ነው፤ ምስሉ ያለው እብነ በረድ ሕንፃው ላይኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ሰፊና መደገፊያ ያለው ነው። በየፎቁ እያሳረፍሽ አውጪያቸው፤ ሲወርዱ አንቺ ከፊታቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለሽ ውረጂ። ይህን ጠዋት የመጨረሻው አድርጊው፤ ጉልበታቸው ቢታመምም በማግሥቱ የሚጠብቃቸው የለም። ወርቃማው ተራራ የሚባለውን ዋት ሳኬትን ግን ተዪው፤ ከ300 በላይ ደረጃ ነው።

ከትራይሚት ወጥታችሁ ያዋራት የተባለውን የቻይና ሰፈር ዋና መንገድ አሥር ደቂቃ ብቻ ብትራመዱ የወርቅ ቤቶቹን ታያላችሁ። ፒያሳ አራዳ ላይ ወርቅ ቤት ለቆጠረች እናት ዓይን ማረፊያ ነው። ወርቁ እዚያ በግራም ሳይሆን በባት ክብደት ይመዘናል፤ አንድ ባት ክብደት 15.2 ግራም ያህል ነው፣ ከገንዘቡ ጋር እንዳይምታታባችሁ።

አዩታያ ሂዱ የሚላችሁ ሰው ይኖራል። በ1767 በበርማ ጦር የፈረሰች ጥንታዊት ዋና ከተማ ናት፣ ከባንኮክ 80 ኪሎ ሜትር ያህል። ድንቅ ናት፤ ግን ሙሉ ቀን ትፈልጋለች፣ ጥላ የላትም። በዚህ ጉዞ አትሞክሩት። ከሦስቱ ጠዋት አንዱ በሐኪም ቀጠሮ ቢያዝ ደግሞ የሚሰረዘው ዋት ፖ ይሁን፤ እናትሽ ስም ጠርተው የጠየቁት ሁለቱን ነው።

ብሔራዊ ጀርባ

የዋት ፖ መግቢያ ከላይ ስላልተጻፈ፦ አሁን 300 ባት ነው፣ በቲኬቱ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይሰጣል። 100 እና 200 የሚል ካየሽ አሮጌ ጽሑፍ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቢጫ ካርድ። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት። ባንኮክ ስትደርሱ ሰው ሁሉ ወደ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ይሮጣል። እናንተ መጀመሪያ የጤና ቁጥጥር የሚለው ቆጣሪ ሂዱ፣ ካርዱን አሳዩ፣ ማህተም ይመታላችኋል። ያለዚያ ማህተም ሰልፉን ጨርሰሽ ፊት ስትደርሺ ይመልሱሻል፤ እናትሽን ሁለተኛ ማሰለፍ ነው። የመግቢያ ቅጹም አሁን በኢንተርኔት ነው የሚሞላው፣ ከመድረሻው በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ፣ በነጻ። ክፈሉ የሚል ገጽ ካጋጠመሽ የመንግሥት አይደለም።

ቲኬት ስትቆርጪ ለእናትሽ የተሽከርካሪ ወንበር አስመዝግቢ። አውሮፕላን ማረፊያው ሰፊ ነው፤ ከአውሮፕላኑ በር እስከ ኢሚግሬሽን ያለው መንገድ ብቻውን ያደክማቸዋል። ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ መጀመሪያ ወደ ጤና ቁጥጥሩ እንዲወስዳችሁ ቢጫ ካርዱን አውጥተሽ አሳዪው።

ወደ ናና ባቡር አለ፤ እስከ ፓያ ታይ 45 ባት፣ ከዚያ በቢቲኤስ አምስት ጣቢያ። ሻንጣና ጉልበት ካለ ግን ታክሲ። አንደኛ ፎቅ ላይ ከማሽኑ ቁጥር ያለው ወረቀት ትወስጃለሽ፤ ወረቀቱን ለሾፌሩ አትስጪ፣ አንቺ ጋ ይቆይ፣ ቅሬታ ቢኖርሽ የመኪናውን ቁጥር የያዘው እሱ ነው። በሜትሩ ላይ 50 ባት የአውሮፕላን ማረፊያ ጭማሪ አለ፤ የፈጣን መንገዱንም ክፍያ ተሳፋሪ ይከፍላል። ለዚህ ዝርዝር ባት ያዢ፤ ባለ 1,000 ኖት ስትሰጫቸው «መልስ የለኝም» ይላሉ።

ስትመለሱ ደግሞ እናትሽ ለማስታወሻ የቡድሃ ምስል መግዛት ቢያምራቸው፣ የቡድሃ ሐውልት ያለ ሥነ ጥበብ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ኤርፖርት ላይ ይያዛል። ሐር ይግዙላቸው።